ሁለተኛው ማርሽ አሁን አያመልጥም

እችላለሁ እኮ። «አንድ ማርሽ መሥራት ያቃተህ ጉረኛ» ብለሽኝ ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዞርሽ፤ መልሴን ሳትሰሚ ተኛሽ፣ በዚያው ሄድሽ። ሰውን ሰድቦ መሄድ የት አገር ነው ያለው ጫልቱዬ?

እንደምን ከረምሽ ልልሽ ነበር፣ አፌ እንቢ አለኝ። ካንቺ ወዲህ የአውሮፕላን ሜዳው ሣር ሁለቴ አድጎ ሁለቴ አጭጄዋለሁ። ጎሬ ያው ጭጋግና ዝናብ ነው። እናትሽ ሣጥንሽን ወደ ቡሬ ወስደውታል፣ አልከለከልኳቸውም። ቀዩን ሻሽሽን ግን ደብቄ አስቀርቻለሁ። ዶሮዎቹን ለጎረቤታችን ለእትዬ ዘነበች ሰጠኋቸው፣ እራት የሚልኩልኝ እሳቸው ናቸው፤ እኔ የሠራሁትን ወጥ ውሻው እንኳ አሽትቶ ሄደ። አልጋው ላይ በግድግዳው በኩል አልተኛም፣ ያ ያንቺ ነው።

አሁን ስለ ማሽኑ ልንገርሽ። ያ አሮጌ ሣር ማጨጃ ሁለተኛ ማርሽ ሲገባለት እየተስፈነጠረ ሲወጣ፣ ሞተሩ በባዶ ሲጮህ፣ የሜዳው ሹም ራሳቸውን ሲይዙ ትዝ ይልሻል? ዘይቱን ቀየርኩ አልኳቸው። ፍሪሲዮኑን አጠበቅኩ አልኳቸው። የማርሹ ጥርስ አልቋል፣ ዕቃው ከአዲስ አበባ ካልመጣ አይሆንም፣ እስከዚያ እንዳያመልጥ ሚስቴ የማርሹን ዘንግ ትያዝልኝ አልኳቸው። አመኑኝ። ከኔ በላይ ሞተር የሚያውቅ ጎሬ ውስጥ ማን አለና።

ውሸቴን ነበር። ማርሹን ቦታው ላይ የምታቆመው ትንሿ ሞላ ደክማ ነው እንጂ ጥርሱስ ደህና ነበር። ከመጀመሪያው ቀን አውቄዋለሁ፣ አንድ ጠዋት ይበቃኝ ነበር። ግን ከሠራሁት አንቺ እቤት ልትቀሪ ነው። ከጎማው በላይ ፓራፋንጎው ላይ ጎኔ ተቀምጠሽ፣ ዘንጉን በሁለት እጅሽ አቅፈሽ፣ ጉልበትሽ ጉልበቴን እየነካ ሜዳውን ስንዞር፣ ከአውሮፕላኑ የወረዱት ሰዎች ቆመው ሲያዩን፣ ይሄን ለሞላ ብዬ ልተው?

ከሞትሽ በኋላ መጀመሪያ የወጣሁ ቀን ዘንጉን በገመድ አሰርኩት። ሜዳው መሐል ገመዱ ተፈታ። ዘንጉ አልተነቃነቀም። ሁልጊዜ የሚያመልጥበት ኩይሳው ጋ ሆን ብዬ ነዳሁት፣ እዚያም አላመለጠም። ወርጄ የማርሹን ክዳን ከፈትኩት። ሞላዋ አዲስ ናት፣ ታበራለች።

እኔ ካልነካሁት ከመቱው ወፍጮ ጠጋኝ ከጋሼ ኑሪ በቀር ማን ይነካዋል ብዬ በቡና መኪና ወረድኩ። ልጣላቸው ነበር የሄድኩት። መጀመሪያ እንዳልሰሙ ሆኑ፣ የወፍጮ ቀበቶ ይለካሉ። ኋላ ተቀመጡና ነገሩኝ። መስከረም ላይ እኔ ቡሬ ለአጎቴ ለቅሶ ስሄድ መቱ ወርደሽ ለምነሻቸው፣ ጎሬ ወጥተው ሠሩት። ለኔ እንዳይነግሩኝም አስምለሻቸዋል። ዘንግ መያዝ ሰልችቷት ነው ወይ አልኳቸው።

«ኋላ ብቻውን ሲሆን ማን ይይዝለታል ብላኝ ነው» አሉኝ።

መስከረም ላይ እኮ ደህና ነበርሽ። ለኔ ደህና ነበርሽ። ከዚያም በኋላ ሣሩ ማደግ እስኪያቆም ድረስ በየጠዋቱ መጥተሽ ማንም መያዝ የማያስፈልገውን ዘንግ ጥርስሽን ነክሰሽ ትይዢው ነበር። አጥብቂው ብዬ ስጮህብሽ ታጠብቂው ነበር። ሲያስልሽ የጭሱ ነው ትይኛለሽ። ሱታ፣ ሱታ ትይኛለሽ፣ እኔ ደግሞ ቀስ በል ያልሽኝ ጉድጓዱን ፈርተሽ መስሎኝ እየሳቅሁ እጨምራለሁ። ጎሬን በሙሉ የሚያስንቅ መካኒክ ጎኑ የተቀመጠውን ደረት አልሰማም።

እኔ ሞላ ደበቅኩሽ፣ አንቺ ሞትሽን ደበቅሽኝ። በልጠሽኛል፣ ለማንም ግን አልናገርም።

ሹሙ ፓራፋንጎው ላይ የነዳጅ ጀሪካን ማስቀመጫ ይበየድ ብለው ነበር። እንቢ አልኩ። እኔ ያን ማሽን እስከነዳሁ ድረስ እዚያ ቦታ ላይ ሰውም ዕቃም አይቀመጥም። ሻሽሽን ዘንጉ ላይ አስሬዋለሁ። እጄ ዘንጉን ሲነካ አንቺን ነው የሚነካው፣ እስካረጅ እንዲሁ ነው።

ግን አንድ ነገር አልተውልሽም። ለጋሼ ኑሪ ከመንገርሽ በፊት ስንት ጊዜ መሞትሽን ብቻሽን አውቀሽ አጠገቤ ተኛሽ? ለሳቸው የተናገርሽውን ለኔ ያልተናገርሽው አይችልም ብለሽ ነው? እችል ነበር። አልችልም ነበር እንዴ? ሳምንት አውሮፕላን ይመጣል፣ እኔ ይሄን እያሰብኩ ሜዳውን አጣምሜ እያጨድኩት ነው። ዛሬ በሕልሜ ነይና ንገሪኝ። ነገ አትበይኝ፣ ቶሎ መልሺ።