የሟች ስም አይፋቅም

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣ ደንበጫ።

እንደምን ሰነበቱ፣ አባዬ? ጤናዎ እንዴት ነው? ብርድ ሲገባ የሚያስቸግርዎት ጉልበትዎስ ዘንድሮ ተሻለው ወይ? አዝመራውስ? እኔ ከናፍቆትዎ በቀር ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። በስልክ ስነግርዎት ግማሹን «እህ?» እያሉ ስለሚያሳልፉት ይህን በጽሑፍ ይሁን ብያለሁ። መነጽርዎን አድርገው ቀስ ብለው ያንብቡት።

የምጽፍልዎት ላመሰግንዎት ነው። ምክንያቱን ለመናገር ግን መጀመሪያ ጥፋቴን መናዘዝ አለብኝ።

የምኖርበት ሰፈር እድር የአባላቱን መዝገብ ኮምፒውተር ላይ እንዳደርግለት ጠይቆኝ ነበር። እዚህ ጡሩምባ ቀርቷል፤ ሰው ሲያርፍ ለአባላቱ በስልክ መልእክት ይደርሳል፣ ድንኳኑም የሚወጣው ስሙ መዝገቡ ላይ ላለ ቤተሰብ ነው። እንዲህ ያለው ሥራ ከባዶ አይጀመርም። ምሰሶና ማገሩ ተዘጋጅቶ የሚገኝ ፍሬምወርክ የሚባል ነገር አለ፤ መዝገቡን የሚያስተዳድረው ሰው የሚሠራበት ገጽም አብሮት ይመጣል። ታዲያ ያ ገጽ ለእያንዳንዱ አባል አካውንት ልክፈት ስል ኢሜይል አምጪ አለኝ። የእኛ ሽማግሌዎች ኢሜይል ከየት ያመጣሉ? ስለዚህ የራሴን ዓይነት አካውንት ሠራሁ። አባወራው በስልክ ቁጥሩ ይገባል፤ ሚስትና ልጆች በእሱ ስር ይመዘገባሉ። ሲያልቅ ኮራሁ፣ ምን ልደብቅዎት።

ከዚያ መዝገቡን ላጽዳ ብዬ ያረፉትን የሰባት አባወራዎች አካውንት ሰረዝኩ። ገጹ ከእነሱ ጋር አብሮ የሚጠፋውን በረጅሙ ዘርዝሮ፣ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ሳላነብ አዎ አልኩት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ሳምንት ሳይሞላ የጎረቤቴ የእትዬ አልማዜ እህት አረፉ። የእትዬ አልማዜ ባለቤት ጋሽ ደግፌ አምና ነው የሞቱት፤ ሠላሳ ዓመት የእድሩ አባል ነበሩ። ድንኳን ሊጠይቁ ሲመጡ ኮምፒውተሩ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ። ስማቸውን ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት። ሰው ሁሉ ቆሞ እየሰማ «የሉም» አልኳቸው፣ አባዬ፤ በዚህ አፌ። እሳቸው አልተቆጡም።

«ልጄ፣ የሞተው እኮ ደግፌ ነው፤ እኔ አለሁ» አሉኝ።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ያተረፈኝ የእድሩ ጸሐፊ የጋሽ የኔሰው አሮጌ ደብተር ነው። አያስፈልግም ብያቸው ነበር፤ እሳቸው ግን ሣጥን ውስጥ ቆልፈው አስቀምጠውታል። ድንኳኑ በዚያ ደብተር ወጣ። ስገልጠው ከጋሽ ደግፌ ስም አጠገብ በቀይ ቀለም «ነፍስ ይማር» ተብሏል፤ ከስሩ የእትዬ አልማዜና የልጆቹ ስም እንዳለ ነው። ያኔ እርስዎ ፊቴ ድቅን አሉ። ልጅ ሆኜ የሰፈራችንን እድር መዝገብ ሲጽፉ፣ የሞተውን ለምን አይፍቁትም ብዬ ጠይቄዎት ነበር። ስሙን ብፍቀው ሚስቱና ልጆቹ በማን ስም ይገባሉ አሉኝ። እማዬ ያረፈች ዓመትም ቀዩን እስክርቢቶ ለማንም ሳይሰጡ ራስዎ ጻፉት። ይህን እያየሁ አድጌ ነው እንግዲህ የረሳሁት።

እንደ እርስዎ አደረግኩ። ሰባቱንም ቤተሰብ ከደብተሩ እያየሁ አንድ በአንድ መለስኩ። ከአስተዳዳሪው ገጽ ላይ «ሰርዝ» የሚለውን ጨርሶ አነሳሁት። ያረፈ ሰው አካውንቱ ይዘጋል እንጂ ስሙ ከቦታው አይነቃነቅም። ሚስቶችም በባል ስር መሆናቸው ቀርቶ በየስማቸው አካውንት ከፈትኩላቸው፤ የመጀመሪያዋ እትዬ አልማዜ ናቸው። ስማቸውን አዩና ደግፌስ አሉኝ። ገጹን ወደ ላይ ገፍቼ አሳየኋቸው። የባለቤታቸው ስም ላይ ጣታቸውን አሳረፉ፤ ከዚያ ግንባሬን ስመው መረቁኝ። ምርቃቱ የሚገባው ለእርስዎ ነበር። እግዚአብሔር ያቆይልኝ፣ አባዬ።

ለወንድሜ ለጉልላትና ለባለቤቱ ለምህረት በጣም አድርገው ሰላም ይበሉልኝ። ትንሿን መሲን ሁለቱንም ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ ጥርስ አወጣች ወይ? ለእማዬም፣ መዝገቡን የገለጡ ዕለት ስሟ ጋ ሲደርሱ፣ ሰላምታዬን ይንገሩልኝ።

ልጅዎ ውዳሴ
ኮልፌ ቀራንዮ፣ አየር ጤና
ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.