በግራዋ የታጠበው ጀሪካን

ልደታ፣ ሐምሌ 2 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለቀድሞ አማቴ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ክረምቱ ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎት? እኔና የልጅ ልጅዎ ዲንቄ አለን። አምስት ዓመት ሞላት፤ እስከ ዛሬ ግን «እማዬ» አላለችኝም። እርስዎ ስለማይጠይቁ ሳልጠየቅ ልንገርዎት ብዬ ነው።

ልጅዎ ሂርጳ ከመንግሥት ጥጥ እርሻ ያመጣውን ሰማያዊ ጀሪካን መቼም አይረሱትም። የተባይ መድኃኒት የነበረበት ነው። ያኔ ዲንቄን አርግዤ ሽታው ራሴን ሲያዞረኝ፣ አቤት መቅበጥ ብለው፣ በገዛ እጅዎ በግራዋ ቅጠል አሽተው፣ የቦኖ ውሃ ሞልተው አጠጡኝ። እስክወልድ ከእሱ ጠጣሁ። ልጅቷንም ከእሱ አሳደግኳት።

ሐኪም ዘንድ ስወስዳት ስለምንጠጣው ውሃ ሳይቀር ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። የሕፃን አእምሮ በማኅፀን እንዴት እንደሚሠራ እኛም ገና ብዙ የማናውቀው አለ አለኝ። ከመድኃኒቱ ነው ብሎ አይምልም፤ አይደለም ብሎም አይምልም። የምንጠነቀቀው ስለማናውቅ ነው ብሎ፣ ነፍሰ ጡርና ሕፃን ከዚያ ዕቃ እንዳይጠጡ በወረቀት ጽፎ ሰጠኝ።

እርስዎ ግን ከሐኪሙ በላይ ያውቃሉ። ኅዳር ላይ ሽማግሎቹ ፊት ድዳነት በዘሬ እንዳለ ተናገሩ። ሂርጳም አንገቱን ደፍቶ ፈታኝ። ዕቃ ስንካፈል ደግሞ ጀሪካኑ የልጄ ነው ብለው ጮኹ። ሐኪሙ ያለኝን ልነግርዎት አፌን ከፍቼ ነበር። ያን ጊዜ ዲንቄ ቀሚስዎን ብትይዝ እንደ ውሻ ገፈተሯት። አፌን ዘጋሁ። ጀሪካኑን እንዳስተማሩኝ በግራዋ አጥቤ አስረከብኩ።

ዝም እንዳልኩ እኖር ነበር። ትናንት አዲሷ ምራትዎ ወይንሀረግ ያንኑ ጀሪካን ይዛ ጸበል ልትቀዳ ልደታ መጣች፤ ሆዷ ገፍቷል። ሰው የማትለየው ዲንቄ ጀሪካኑን ለይታ ሮጣ አቀፈችው። ወይንሀረግ አልገፋቻትም። ንፍጧን በነጠላዋ ጠርጋ ሳመቻት። ምነው ባልሳመቻት! ከዚያ ወዲህ እህል አልወርድ አለኝ።

የሐኪሙን ወረቀት አብሬ ልኬልዎታለሁ። ቀኑ ጥቅምት 12 ይላል፤ ጥቅምት ከኅዳር እንደሚቀድም እርስዎም አይጠፋዎትም። ደብዳቤ የምታነብልዎት የመሠረተ ትምህርት አስተማሪዋ ምራትዎ መሆኗን ከእርስዎ ሰፈር ከተክለ ሃይማኖት እስከዚህ ሰው ሲያወራ ሰምቻለሁ። እዚህ ስትደርስ ጉሮሮዋ ቢደርቅ ውሃ ይስጧት። ከየት እንደሚቀዱላት እንግዲህ እርስዎ ይወቁ።

እመቤቴ ማርያም ወይንሀረግን በሰላም ታገላግላት። ለእርስዎም ዕድሜ ትስጥዎ፤ እንደ እኔ ቁጭ ብለው ልጁ አፉን እስኪፈታ የሚጠብቁበት ዕድሜ።

የልጅ ልጅዎ እናት