በጾም የተሠራው የዴንግ ዶሮ

አቾል፣
ምድጃው ላይ ያለው ዶሮ የዴንግ ነው። ዛሬ ማታ ወደ አገሩ ስለሚበር፣ ከሥራ እንደገባሽ አሙቂውና ካምፑ ድረስ ውሰጂለት።

ባለፈው ሐሙስ፣ በእናንተ ገና፣ ከአገርሽ ለሥልጠና የመጡትን ወታደሮች፣ እነዴንግን፣ እዚህ ቤቴ ስትጠሪ፣ እኛ ጾም ላይ ነን፣ በድስቴ ሥጋ አይሠራም ብዬ ሽሮ አበላኋቸው። አንቺም አኮረፍሽኝ። ይሁን።

ትናንት ዴንግ ሊሰናበተን መጥቶ፣ «ማዘር፣ እናቴ እንዳታዝን ዶሮ አበሉን ብያታለሁ» አለኝ። ከዚህ ሲመለስ ቀጥታ ጦር ሜዳ ነው የሚልኩት።

ጾሙ አላለቀም። በዚያው በድስቴ ሠራሁት።

ልደታ ማርያም ነኝ፤ አትደውይልኝ።
እኔ ስላልቀመስኩት ጨዉን አንቺ እዪው።

ደሚቱ