ጓሮው ላይ ያፈሰስኩት እጣቢ

ለምናፍቅህ አባቴ፣

አባዬ፣ ሰላምታዬ ለሥራ ከሄድክበት አገር ይድረስህ። ጤናህስ እንዴት ነው? ወገብህ ተሻለህ? ሳሉስ ለቀቀህ? እኛ ደክሞናል እንጂ ደህና ነን።

ትንሿ እህቴ ደሟ ውስጥ የእርሳስ መርዝ ከተገኘ ወዲህ አክስቴ ዘንድ እንደሆነች ታውቃለህ። አንተ አሮጌ የመኪና ባትሪ ታቀልጥበት የነበረውን ጓሮ የሚያጸዳ ባለሙያ መጥቶልናል። ጎረቤቱ የአፈር ሐኪም ይለዋል። አፈሩን ጭኖ የሚወስድ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን በግራና በቀኝ የብረት ዘንጎች ተክሎ ኤሌክትሪክ ለቀቀበት። ከባትሪው የፈሰሰው እርሳስ በእርጥቡ አፈር ውስጥ ቀስ እያለ ወደ አንደኛው ዘንግ ይሄዳል፤ እዚያ ሲከማች ይወጣል አለን። እማዬ ኤሊ እንኳ ከዚህ ትፈጥናለች ብትለው፣ ኤሊም ትደርሳለች ብሎ አሳቃት።

ጠዋትና ማታ ማጠጣት የኔ ሥራ ሆነ። እርሳሱን የሚያሟሟ ኮምጣጣ ውሃ በበርሜል ትቶልኝ፣ ሲያልቅ ደውዪልኝ ብሎኝ ነበር። መቼም ታውቀኛለህ፣ ከባዳ ሰው ጋር በስልክ ማውራት ይጨንቀኛል። በርሜሉ ሲያልቅ፣ ልብስ ያጠብንበት የሳሙና እጣቢ በከንቱ ከሚፈስ ብዬ ሦስት ሳምንት እሱን አጠጣሁ።

መጥቶ ሲለካ እርሳሱ መንገድ ላይ ቆሟል። ሽቦውን መረመረ፣ ዘንጎቹን ነቅሎ ተከለ፣ ምክንያቱ ጠፋው። እኔ ዝም አልኩ። ሁለት ቀን ባልዲውን ከበርሜሉ ጀርባ ደብቄ ቆየሁ። በሦስተኛው ቀን ይሄ አፈር አይጸዳም ብሎ ዕቃውን መሰብሰብ ሲጀምር፣ እኔ ነኝ አልኩት። ባልዲውን አውጥቼ አሳየሁት። በጣቱ ነክቶ አሸተተና፣ ሳሙናው እርሳሱን ባለበት ቸክሎ እንዳስቀረው ነገረኝ። አልተቆጣም። ምክንያቱ ከታወቀማ እንደገና እንጀምራለን አለ። የእህቴ መምጫ ግን ሦስት ወር ተገፋ። ሲነግሯት አላለቀሰችም አሉ፤ ለመንገድ ያዘጋጀችውን ጫማ ወደ ሳጥኑ መለሰችው።

አባዬ፣ መጻፍ የተውከው በጓሮው ምክንያት ይመስለኛል። እማዬ አንድም ቀን አላማችህም። ያኔ እርሳሱ መርዝ መሆኑን ማናችንም አላወቅንም፤ እኔም እጣቢውን ያፈሰስኩት ሳላውቅ ነው። ከማፍሰሱ ይልቅ የከበደኝ ሁለቱን ቀን ዝም ማለቱ ነው። አንተ ዝም ካልክ ስምንት ወር ሆነህ። ክንዴ ዝሏል፤ ሁለተኛውን ባልዲ የሚይዝልኝ ሰው ያስፈልገኛል።

እማዬ ሰላም ብላሃለች፤ ካፖርትህን ልበስ ብላለች። አክስቴም እንዲሁ። ትንሿ እህቴ በስልክ፣ አባዬም እንደኔ ወደ ቤት ለመምጣት አፈሩ እስኪጸዳ ነው የሚጠብቀው ብላ ጠይቃኛለች። መልሱን አንተ ጻፍላት።

ልጅህ
ከጓሮ በር ደጃፍ፣ ግንቦት 3 ቀን