ኮቱ ይበቃታል

ይድረስ ለእናቴ፣

እማዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ደረጃውን በቀን ከአንዴ በላይ አትውረጂ የተባልሽውን ሰማሽ ወይስ እንደልማድሽ ለአንድ ራስ ሽንኩርት ሦስቴ ትመላለሻለሽ? የስፌት መኪናሽስ አሁንም ያስላታል? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ማለት እንግዲህ እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ እተኛለሁ ማለት ነው። የቀረውን በዚህ ደብዳቤ ታዪዋለሽ።

መነጽርሽን አድርገሽ ራስሽ አንብቢው። ታች ላለችው ጎረቤትሽ አታስነብቢ፤ እሷ የሰማችውን ሰፈሩ ሳይሰማ እንደማያድር ታውቂያለሽ።

ሥዕሉ ደርሶኛል። ሌላ ሰው በገመድ ያስራል፣ አንቺ ግን በአሮጌ አንሶላ ጠቅልለሽ ዙሪያውን ሰፍተሽዋል። ለመተርተር ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ውስጡ ያኖርሻትን ወረቀት አነበብኳት። የአባትሽ ፊት ተሰነጣጥቋል፣ ስንጥቁን ድፈኚልኝ እንጂ ፊቱን እንዳትነኪው፣ የኮቱንም ቁልፎች እንዳሉ ተያቸው፣ ግድግዳው ባዶ ሲሆን ቤቱ ይከብደኛልና ቶሎ መልሺልኝ ብለሻል። የቁልፎቹ ነገር ግራ ገባኝ። ቁልፎቹ እንደሆነ ምንም አልሆኑም። እርጅና ነው ብዬ አለፍኩት። ይቅር በይኝ፣ ለምን ይቅር በይኝ እንዳልኩሽ በኋላ ትደርሺበታለሽ።

ስለ ኑሮዬ ጠይቀሽኝ ነበር። ቤቴ ሁለት ክፍል ነው፤ በአንዱ እተኛለሁ፣ በአንዱ እሥላለሁ። በመሥሪያዬ መስኮት ፀሐይ በቀጥታ አይገባም። ለሥዕል ደግ ነው፣ ለሰው ግን ይበርዳል። አሁን የአንዲት ሴትዮ ጥቁር ፈረስ ልሥል ይዣለሁ። ሰው ስሥል እባክሽ ትንሽ አቅጥኚኝ ይለኛል፤ ፈረሱ ምንም አላለም፣ ባለቤቱ ግን ሆዱን ቀንሺለት አለችኝ። ቀነስኩለት። ጥቁር ፈረስ በጥቁር ቀለም አይሣልም፤ ቡናማና ሰማያዊ ደባልቄ ነው ጥቁረቱን የማወጣው። ፀጉሩንም አንድ በአንድ አልሠራም። መጀመሪያ ጨለማውን በሰፊ ብሩሽ አለብሰዋለሁ፣ ከዚያ ፀጉሩ በተኛበት አቅጣጫ ብሩሼን እየሳብኩ ብርሃኑን አወጣለሁ። በመጨረሻ ዓይኑ ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ ጣል ሳደርግ ቀና ብሎ ያየኛል። ያን ጊዜ እንዴት አደርክ እለዋለሁ። አትሳቂብኝ። አንዳንድ ቀን ከዚያች ቃል ሌላ ከአፌ ሳይወጣ ይመሻል።

ወደ ስንጥቁ ልመለስ። እማዬ፣ ስንጥቁ የእኔ ጥፋት ነው። የዘይት ቀለም ሕግ አለው። ከሥር የሚቀባው በተርፐንታይን የቀጠነ ይሆናል፣ ከላይ እየተደረበ የሚመጣው ደግሞ የተልባ ዘይቱ እየበዛ ይሄዳል። ቀጭኑ ቶሎ ይደርቃል፣ ዘይታሙ ወራት ይፈጃል። ይህን የገለበጠ ሰው ከላይ ያለው ቀድሞ ይደርቅበትና፣ ከሥር ያለው ገና ሲላወስ ይሰነጠቅበታል። ጀማሪ ተማሪ እንኳ የሚያውቀው ነው። እኔ የአባባን ፊት እየፋቅኩና እየደገምኩ በዘይት አወፍሬው ነበር። ድንገት ሲያርፉ፣ እንግዳ ሳይበተን ሥዕሉ ግድግዳ ላይ ይዋል አልሽ። በምን ቀን ይድረቅ? ባልደረቀው ላይ ቶሎ የሚደርቅ ቀጭን ቀለም ደርቤ ሰጠሁሽ።

ከአባባ ጋር የሣልኩት ውሻችን ላይ ግን አንዲት ስንጥቅ የለችም። ሹሙ እንደተሣለ ነው፤ አፍንጫው እንኳ ገና እርጥብ ይመስላል። እሱን በአንድ እጅ ቀለም ሠራሁት፣ ደግሜ አልነካሁትም፤ ከፊቴ ተቀምጦ ነበርና። አባባ ግን አንድም ቀን ከፊቴ ተቀምጠው አያውቁም።

ይኸው ጻፍኩት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከአፌ አልወጣ ያለኝ ይህ ነው።

አባባ ሊሣሉ ወደ እኔ የተላኩባቸው እነዚያ አምስት ቅዳሜዎች ለአንቺ ምን እንደሆኑ አውቃለሁ። ለቀብር ለመጣው ሁሉ ከልጁ ጋር ታርቆ ነው የሄደው ስትዪ ከጓዳ ሆኜ እሰማሽ ነበር። በዚያ ላይ ምን ብዬ ላፍርስብሽ? የመድኃኒት ቅመማ ትምህርቴን ሊያልቅ አንድ ዓመት ሲቀረው ትቼ ብሩሽ የያዝኩ ዕለት አባባ ያሉኝን ታስታውሺያለሽ። በዚህ ከገፋሽበት ፊትሽን እንዳላይ ነው ያሉት። የሒሳብ መምህር ነበሩ፤ አንዴ የጻፉትን አያጠፉም። እኔም ትእዛዝ አክባሪ ሆኜ ስድስት ዓመት ሙሉ ፊቴን አላሳየኋቸውም። ከዚያ ታመሙና አንቺ መላ ፈጠርሽ። ልጅህ ትሣልህ ብለሽ ለምነሽ፣ በእጅሽ የሰፋሽላቸውን ግራጫ ኮት በከረጢት አስይዘሽ፣ ሹሙን አስከትለሽ ቅዳሜ ጠዋት ሰደድሻቸው።

መጡ። ወደ እኔ ግን አልወጡም። መሥሪያዬ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንደነበረ ታውቂያለሽ። ከመንገዱ ማዶ የአውቶቡስ መጠበቂያ አግዳሚ ነበር፤ እዚያ ተቀመጡ። ሹሙ ኩርፊያ የሚባል ነገር አያውቅምና ደረጃውን በሩጫ ወጥቶ በሬን ቧጨረ። ከኋላው ከፎቁ ሥር የሚሠራው ጫማ ሰፊ ከረጢቱን ይዞ መጣ። አንገቱን ደፍቶ፣ አባትሽ ኮቱ ይበቃታል ብለዋል አለኝ።

ኮቱ ይበቃታል። ምን ያህል እንደተቃጠልኩ ልነግርሽ አልችልም። እሺ ይበቃኛል ብዬ በሬን ዘጋሁ። ውሻውን ምንጣፍ ላይ አስቀምጬ መሣል ጀመርኩ። ቀትር ሲሆን አባባ ከታች አፏጩ፣ ሹሙ ወረደ። በሚቀጥለው ቅዳሜም እንዲሁ፣ ከዚያም በኋላ እንዲሁ። እሳቸው አግዳሚው ላይ፣ እኔ መስኮቱ ጥግ። ባርኔጣቸውን ብቻ ነበር የማየው። መስኮቱን ከፍቼ አባባ ብዬ ብጠራ ይሰሙኝ ነበር። አልጠራሁም። ቀድሞ የተጣራ የተሸነፈ መስሎኝ፣ ከቅዳሜ ወደ ቅዳሜ አሳደርኩት።

በአምስተኛው ቅዳሜ ከአግዳሚው ተነስተው መንገዱን ተሻገሩ። በታችኛው በር ገቡ። ብሩሼን እንደጨበጥኩ የእግራቸውን ኮቴ ስጠብቅ ቆየሁ፤ ምንም የለም። ጫማ ሰፊው የነገረኝ ከቀብሩ በኋላ ነው። አንደኛውን ደረጃ ወጥተው፣ ድጋፉን ይዘው ቆሙ፤ ትንፋሽ አጠራቸው፤ ወደ ላይ ትንሽ አይተው ተመለሱ። በየቅዳሜው፣ አግዳሚው ላይ ከመቀመጣቸው በፊት፣ እንደዚያ ይሞክሩ ነበር አለኝ። እማዬ፣ እምቢ ብለው ነው ብዬ አምስት ቅዳሜ ሙሉ ያኮረፍኩት፣ መውጣት አቅቷቸው ኖሯል። እኔ ደግሞ ሁለት እግሬ ደህና ነበር። ለዚህ ነው ከተማ የቀየርኩት። ሥራ አገኘሁ ያልኩሽ ውሸት ነው። በዓመት አንዴ መጥቼ ሻይ ሳልጨርስ የምነሳውም፣ ያ ሥዕል ከአንቺ ጋር ሆኖ ስለሚያየኝ ነው።

ታዲያ ፊቱ ከየት መጣ ትዪኝ ይሆናል። ስድስት ዓመት በቅርብ ያላየሁትን ፊት ከየት ላምጣው? ልጅ ሳለሁ ያየኝ ሁሉ ቁርጥ አባቷን ይለኝ ነበር። ኮቱን ራሴ ለበስኩና መስታወት ፊት ተቀመጥኩ። ጥላውን በቀጭኑ፣ ብርሃኑን በወፍራሙ አድርጌ ያየሁትን ሣልኩ። ከዚያ ፀጉሬን አሸበትኩ፣ ጢም ጨመርኩ፣ ግንባሬ ላይ መስመር አወረድኩ። ዓይኑ ግን እምቢ አለኝ፤ የሳቸውን አምጥቼ ማስቀመጥ አቃተኝ። ስፍቀውና ስደግመው የከረምኩት እሱን ነው። በመጨረሻ የራሴን እንዳለ ተውኩት።

ይህን ሁሉ ላልጽፍልሽ አስቤ ነበር። ስንጥቁን በኖራና በሙጫ ሞልቼ፣ ከላዩ በቀጭን ብሩሽ አመሳስዬ ልመልስልሽ ነበር። ትናንት ጠዋት ፊቱን ማጽዳት ጀመርኩ። ለዚህ ሥራ ከምራቅ የተሻለ ነገር የለም፤ ጥጥ በምራቅ እየነካሁ ጉንጩን ስጠርግ፣ አንቺ በቀሚስሽ ጫፍ አፌን የምትጠርጊልኝ ትዝ አለኝ። ዘይት በጨለማ ሲቀመጥ ቢጫ ይሆናል። ይህ ግን ምንም ቢጫ አልሆነም። በስፌት መኪናሽ አጠገብ፣ መስኮቱ ጎን ከብርሃኑ ፊት ስለሰቀልሽው ነው፤ ጠርዙ ሁሉ የክር ብናኝ ነው። ጉንጩ ላይ ደግሞ፣ ከጢሙ ከፍ ብሎ፣ የጣት ወዝ አለ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ ብዙ ጊዜ የተነካ።

ግራጫውን ላመሳስል ብዬ ኮቱን ከሣጥን አወጣሁት። አዎ፣ እኔ ጋ ነው። አንድም ቀን ኮቱ የት ደረሰ ብለሽ አልጠየቅሽኝም። ለበስኩትና ቆለፍኩት፣ ከዚያ ወደ ሥዕሉ ዞርኩ። ያን ጊዜ ነው ቁልፎቹን ያየሁት።

ዘጠኝ ዓመቴ እያለ ለጎረቤት ልጅ የሰፋሽውን ሸሚዝ ቁልፍ ልትከልልሽ ብዬ በተሳሳተው በኩል የተከልኩብሽን ታስታውሺያለሽ? ሁሉንም በጥሰሽ፣ የወንድ ግራው በቀኙ ላይ ይደርባል፣ የሴት ቀኙ በግራው ላይ፣ ይህን ከመንገድ ማዶ ሆኜ እለየዋለሁ ብለሽኝ ነበር። እኔ መስታወት ያሳየኝን እንዳለ ገልብጬ ሥያለሁ። ቀኙ በግራው ላይ ደርቧል፣ የደረት ኪሱም በቀኝ በኩል ነው። ፊት ስመለከት ኮቱን አላየሁትም። አንቺ ግን ኮቱን በእጅሽ የሰፋሽ ነሽ። ሥዕሉን የተቀበልሽ ዕለት ትክ ብለሽ አይተሽው፣ ደህና አድርገሽ ሠርተሽዋል ብለሽ ግንባሬን ስትስሚኝ፣ መስታወት ፊት የተቀመጥኩት እኔ እንደሆንኩ አውቀሽ ነበር። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ከሳሎን አውርደሽ አጠገብሽ አደረግሽው።

ፈረሱን ወደ ግድግዳው አዙሬ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አለቀስኩ፣ አልደብቅሽም። አሥራ አንድ ዓመት ከዚህ ምሥጢር ጋር ለብቻዬ ተቀምጫለሁ ብዬ ነበር የማስበው።

ስንጥቁን ደፍኜዋለሁ። ፊቱን አልነካሁትም፣ ቁልፎቹንም እንዳሉ ትቻቸዋለሁ። የጣትሽን ወዝ ግን መጥረግ አልሆነልኝም፤ ቦታው ላይ አለ። በፖስታ አልልከውም፣ ይዤው እመጣለሁ። ኮቱንም አመጣዋለሁ። የፈረሱን ሆድ ጨርሼ በመጪው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት እደርሳለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ከታች ቆሜ ብዘገይ አኩርፋ ነው ብለሽ አትጠብቂ፣ ጉልበትሽ ስለማይፈቅድም አትውረጂ። መስኮቱን ክፈቺና ጥሪኝ። አንዴ ከጠራሽኝ እወጣለሁ።

ፈጣሪ ለጉልበትሽ ብርታቱን፣ ለዓይንሽ ብርሃኑን ያቆይልኝ። መርፌሽ አይሰበር፣ እጅሽ አይድከም። እስከዚያች ቅዳሜ በሰላም ያቆይሽ።

ቁርጥ አባቷ የሆነችው
ልጅሽ