በራሱ የሚዘጋ በር

ሰኞ፣ ጥቅምት 1

ዛሬም በሩ ክፍት። አንድ ዓይኔ መርፌው ላይ፣ አንድ ዓይኔ ሀናን ላይ ሆኖ የሰው ቀሚስ እሰፋለሁ። ክሩ ተበጠሰ። ክር እስካስገባ ልጄ የለችም።

ስሚኝ ደብተሬ፣ ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላትም። ከግቢያችን በር ወጥተሽ የምትረግጪው አስፋልቱን ነው፤ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄደው መኪና ሁሉ ከሚሴ ሲደርስ ፍጥነቱ ይብስበታል። አንድ ባለ ባጃጅ ከመንገዱ ዳር አንስቶ አምጥቶ አስረከበኝ። ይቺ ልጅ እናት የላትም ወይ ብሎ ሰው ፊት ተቆጣኝ። ያናደደኝ እውነቱን መሆኑ ነው።

ማን ከፈተው? ማን ይከፍታል ሌላ፣ አባባ ናቸው እንጂ። የባሌ አባት። አገር ምድሩ ተጣልቶ እሳቸው ጋ ይታረቃል፤ የመሬት ድንበር፣ ከብት፣ የኮረፈች ሚስት። የሽማግሌ በር አይዘጋም ይላሉ። ከጓዳ ሆኜ «ሴና፣ ሴና»፣ ግቡ ግቡ እያሉ ሰው ሲያስገቡ እሰማለሁ። የገባውን ይቆጥራሉ፣ የወጣችውን ግን አያዩም!

ሐሙስ፣ ጥቅምት 4

ለጀማል ነገርኩት። እሺ አለ። ጀማል ባሌ ነው፤ ለእኔ እሺ፣ ለአባቱም እሺ። ከዛሬ ጀምሮ ጀ. እያልኩ ነው የምጽፈው፣ ሙሉ ስም አይገባውም።

ራሴ ሱቅ ሄድኩ። በራሱ የሚዘጋ ማጠፊያ አለ ወይ? ባለሱቁ ሞላ ያለው አወጣልኝ፣ የሚያብረቀርቅ። በራችን ከባድ ነው፣ ወፍራም ላሜራ ነው፣ ይችላል ወይ ስለው ወላሂ ዝሆን ይዘጋል አለ። በሩን ሳያይ ማለ። ፓምፕ ያለውም ነበረው፤ እሱ ግን ለቢሮ በር፣ ለቀላል እንጨት ነው። ሞላውን ገዛሁ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 8

ሞላው ደከመ። በሩ ግማሽ ድረስ ይመጣና ይቆማል፣ እንደ ሰነፍ በሬ። ግማሽ የተዘጋ በር ደግሞ ለሀናን በቂዋ ነው። ለባለሱቁ መለስኩለት። አጠቃቀም አላወቃችሁም አለኝ። በር ነው እኮ፣ ምን አጠቃቀም አለው! ተሟገትኩ፣ ደከመኝ፣ ትቼው ወጣሁ።

አባባ ማጠፊያው ሲበላሽ አልሀምዱሊላህ አሉ። ሰማኋቸው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 13

በያጁ ሰይድ መጣ። ሥራው ደህና፣ ወሬው ረጅም። እንዲህ ላለ ክብደት ሞላ ከንቱ ነው አለ፤ የታችኛውን ማጠፊያ በሰያፍ ቆርጠን ብናስቀምጠው በሩ ሲከፈት ሽቅብ ይወጣል፣ ሲለቁት በራሱ ክብደት ተንሸራቶ ይዘጋል። ገባኝ። ደስ አለኝ።

በየደ። ለቀቀው። በሩ በራሱ ተከፈተ! ሰያፉን ገልብጦት ኖሯል። አባባ ከአጎዛቸው ላይ ሆነው ማሻአላህ፣ ይሄኛው ጥሩ ነው አሉ። ሰይድ ሳቀ፣ ጀ. ሳቀ። እኔ ለመሳቅ አልተፈጠርኩም።

ፈትቶ እንደገና ሠራው። አሁን ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ጠቅ ይላል፣ አለቀ። መቀርቀሪያውን ከሀናን እጅ በላይ አደረግነው። ጣቷን እንዳይቆርጣት ቋሚው ላይ ከአሮጌ ጎማ ቆርጦ ለጠፈልኝ። ሃያ ጊዜ ከፍቼ ለቀቅሁት መሰለኝ። ያ ረቢ፣ እንዴት ደስ ይላል። ዛሬ ልቤ ሳይሰቀል ሰፋሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 16

ድንጋይ! በሩ ሥር ድንጋይ ተደርጎበታል። አነሳሁት። ከቀትር በኋላ ተመልሷል። አነሳሁት። ሀናን ጨዋታ መስሏት ልታግዘኝ መጣች።

አባባ ለጀ. የነገሩትን ጀ. ነገረኝ (ፊት ለፊት አይነግሩኝም፣ ምራት ነኝና)። ከጨፋ በኩል ሁለት ወንድማማቾች በድንበር ተጣልተው መጥተው ነበር አሉ። በሩን ዝግ ሲያዩ ተመለሱ፣ ፍርድ ቤት ገቡ። የተጣላ ሰው እያመነታ ነው የሚመጣው፣ ዝግ በር ካየ ሰበብ አገኘ ማለት ነው፣ እንዲያንኳኳ አይጠበቅም አሉ። አባባን በዚህ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰዳቸውም።

አይገባኝም እንዴ? ይገባኛል። አዝናለሁም። ግን ሁለት ጎረምሳ ወንድማማቾች እጅ የላቸውም? እጃቸው ዱላ ለመያዝ ብቻ ነው የተፈጠረው? እኔ ልጄን በመቀነቴ አስሬ ልስፋ?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 18



ጩኸት ሰማሁ። የፍሬን ድምፅ። ስወጣ ሀናን አስፋልቱ መሀል ቆማለች፣ አንድ አይሱዙ የጭነት መኪና ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነው። ሾፌሩ መሪው ላይ ተደፍቷል። አንድ እግሯ ባዶ፣ ጫማዋ ጎማው ሥር። አላህ ነው ያቆመው፣ ሌላ ማንም አይደለም።

በሩ በድንጋይ ተይዞ ወለል ብሏል።

ታቅፌያት ገባሁ። አባባ ከእንግዶች ጋር ተቀምጠዋል። በሕይወቴ ሰው ፊት ቀና ብዬ አናግሬያቸው አላውቅም። ዛሬ ተናገርኩ።

«አባባ፣ የተመለሰ እንግዳ ነገ ይመጣል። ሀናን ብትሄድብኝ ማን ይመልስልኛል?»

እንግዶቹ መሬት መሬት አዩ።

ማታ ጀ. ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? አባቴን ሰው ፊት አዋረድሽ፣ ጉልበታቸውን ስመሽ አፉ በሉኝ በይ። ስለ ጫማዋ አልጠየቀኝም። ስለ ልጁ! እኔ ነኝ አፉ በሉኝ የምለው?

በቃ። ነገ ሀናንን ይዤ ጨፋ ሮቢት እናቴ ቤት እገባለሁ። ኩርፊያ ነው፣ በወጉ። አባባ የሰውን ሚስት ሲያስታርቁ ኖረዋል፤ እስኪ አሁን ለራሳቸው ሽማግሌ ይፈልጉ።

እሑድ፣ ጥቅምት 21፣ ጨፋ ሮቢት

መጡ። ሁለት ሽማግሌ፣ ጀ.፣ እና አባባ ራሳቸው። እናቴ ደነገጠች፤ አባባ ይመጣሉ ብሎ ማን ጠብቆ። እኔም አልጠበቅሁም።

ሁልጊዜ መሀል ተቀምጠው ነገር የሚቆርጡት ሰውዬ ዛሬ ዳር ላይ፣ እንደ ተከሳሽ። ዱላቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመዋል። ንዴቴን ይዤ ነበር የተቀመጥኩት፣ እንዲህ ሳያቸው ትንሽ አመለጠኝ። መልሼ ያዝኩት።

ትልቁ ሽማግሌ ምን ትፈልጊያለሽ አሉኝ። ካሳ? አልፈልግም። ልብስ? ራሴ እሰፋለሁ። በሩ በራሱ ይዘጋ፣ ማንም አይያዘው፣ ሌላ የለኝም አልኩ። ጀ. ጉሮሮውን ጠረገ፤ አሁንም እሺ ሊል መሰለኝ። ሽማግሌው ወደ አባባ ዞረው መልሳቸውን ጠየቁ።

ሀናን መጥታ ከዱላቸው ጋር መታገል ጀመረች፣ ሰጧት።

«ይዘጋ» አሉ። «የመጣ ያንኳኳ። እኔ ተነስቼ እከፍታለሁ።»

ተነስተው! እኚህ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ውሃ እንኳ ከተቀመጡበት የሚቀርብላቸው ሰው። እናቴ እልል ልትል ስትል እጇን ያዝኩት። ዱዓ ተደረገ፣ ታረቅን። ጀ.ን ግን ገና አልታረቅሁትም፣ እሱን መንገድ ላይ እንነጋገራለን።

ነገ በመጀመሪያው ሚኒባስ እመለሳለሁ። ገፍቼ አልገባም። ሀናንን ታቅፌ ደጅ ቆሜ አንኳኳለሁ፣ ተነስተው እስኪከፍቱልኝም እጠብቃለሁ።