አቤሜሌክን ላሳጠቡት ሰብሳቢ፣ ስለ ልጄ ገመድ

ለተከበሩ የቤተ ክርስቲያናችን የሕንፃ ኮሚቴ ሰብሳቢ፤

እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም፣ ለእኛ ሲል ዕረፍት ያጣው እጅዎም እንደምን ሰንብታችኋል? እኔ እርጅና ከመጫኑና ሰሞኑን እንቅልፍ ከማጣቴ በስተቀር ደህና ነኝ። ማንበብም መጻፍም አልችልምና ይህን የምትጽፍልኝ ምራቴ ናት። ፊደሉ ካማረ የእሷ ነው፤ ቃሉ ከመረረ የእኔ ነው። በፖስታ አሽጌ ለእርስዎ ብቻ መላክ ስችል በገበያው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ያስለጠፍኩት፣ እርስዎን የሚያህል ትልቅ ሰው በጓዳ ማነጋገር ነውር ስለመሰለኝ ነው።

አንደኛ፤ የግድግዳውን ሥዕል ስላሳደሱልን ከልቤ አመሰግናለሁ። ፊደል ላልቆጠረ ሰው መጽሐፉ ግድግዳው ነው። በዚያ ግድግዳ ላይ ነቢዩ ኤርምያስ ከተጣለበት ጭቃ ጕድጓድ ሲወጣ፣ ከላይ ቆሞ የሚስበው ኩሻዊው አቤሜሌክ እንደ እኔና እንደ ዘሬ ጥቁር ነበር። ሰውየው ገመዱ የነቢዩን ብብት እንዳይቆርጠው አሮጌ ጨርቅ አስቀድሞ ያወረደለት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ጕድጓድ ስቆፍር የኖርኩ ነኝና፣ ልጄ ሕፃን ሳለ ትከሻዬ ላይ አውጥቼ “ይኼ የኛ ሰው ነው” እለው ነበር። ቀቢዎ ሥራውን ጨርሶ የሄደ ዕለት ብገባ አቤሜሌክ ወተት መስሎ ጠበቀኝ።

ሁለተኛ፤ በምእመናኑ ስብሰባ ተነሥቼ ምን ሆኖ እንደነጣ ስጠይቅ፣ እንደ እኔ ላለ መሃይም ጊዜዎን ሠውተው ስለመለሱልኝ አመሰግናለሁ። “አባባ፣ ያ እኮ ቆዳ አይደለም፤ የሻማ ጥላሸት ነው፤ አሳጠብነው” አሉኝ። ከዚያ በፊት ጥላሸትን ከሰው የማይለይ ኮሚቴ እንዳለን አላውቅም ነበርና ተማርኩ። አፌ አያርፍምና፣ ጥላሸቱ አጠገቡ ያለውን ኤርምያስን ዘሎ እሱ ላይ ብቻ ለምን እንደ ወጣ ጠየቅሁ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የእንጨት ሠሪው ሚስትማ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ብትጎስርም አልተቻላትም። እርስዎ ብቻ አልሳቁም። እዚያ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ የሚሉ ወዳጆች አሉኝ፤ እኔ ግን ዛሬም ቢሆን እጠይቃለሁ።

ሦስተኛ፤ ማጠቡ ለሁሉም እኩል አለመድረሱን በትሕትና አስታውሳለሁ። በሠረገላ ተቀምጦ መጽሐፍ የሚያነበው፣ የንግሥቲቱ ሹም የሆነው ጃንደረባ ታጥቦ ነጥቷል። ከሰሎሞን ፊት የቆመችው ንግሥትም ነጥታለች። መስቀሉን የተሸከመው የቀሬናው ስምዖን ግን እንደ ጠቆረ ቀርቷል። ሻማው የሚበራው ሸክም ባለበት በኩል ብቻ ነው ማለት ነው፣ ወይስ ሳሙናው አልቆ ነው? ጊዜ ካገኙም የሙሴን እኅት ታሪክ ለኮሚቴው ያስነብቡልኝ። ወንድሟ ኩሻዊት አገባ ብላ ስታማ፣ በለምጽ እንደ በረዶ ነጥታ ከሰፈር ውጭ ተዘጋባት። እኔ የሰማሁት እንዲህ ነው፤ ከተሳሳትኩ ያርሙኝ።

አራተኛውን ስናገር ቃሌ ካጠረ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

እርስዎ በሚያሠሩት ግቢ ውስጥ የውሃውን ጕድጓድ የሚቆፍረው ልጄ መሆኑን ያውቃሉ። የማያውቁት ከሆነ ልንገርዎ፣ እኛ ቆፋሪዎች አንድ ልማድ አለን። ገመድ ያዡን የሚመርጠው ወራጁ ነው። በመካከላቸው ቅሬታ ካለ ሳይታረቁ ማንም እግሩን ወደ ታች አያወርድም። ታች ያለ ሰው ሰማዩ የሰሐን አፍ ያህል ነው፤ እዚያ ሆኖ የሚያምነው ከላይ ያለውን እጅ ብቻ ነው። የልጄን ገመድ ከጅምሩ ይዞ የነበረው አማቹ፣ የምራቴ ወንድም ነው። ከዚያ ስብሰባ በኋላ ግን እርስዎ አማቹን “ለሥራ ቅልጥፍና” ብለው አሰናበቱት፤ በምትኩ ሁለት ዘበኞችዎን መደቡ። እኔንም ወደ ግቢው ድርሽ እንዳልል አስከለከሉኝ።

ልለምናቸው ወደ በሩ ብሄድ፣ ረጅሙ ዘበኛ ጥርሱን እየፋቀ፣ “አባባ፣ ምን ያስጨንቅዎታል? ገመድ እኮ ያረጃል፣ እንደ ሰው ነው” አለኝ። ሌላው ሳቀ። ለአሳቢነታቸው ምስጋናዬን ያድርሱልኝ።

እዚህ ላይ ምራቴ መጻፍ አቆመች። ይህን ከአፌ የሰማችው አሁን ነው። “አባባ፣ እኔ ሚስቱ አይደለሁም እንዴ? እንዴት ይደብቁኛል?” አለችኝ። ያልነገርኳት ቃሉ ከአፌ ከወጣ እውነት የሚሆን ስለመሰለኝ ነው። እስክሪብቶውን መልሳ አነሣች፤ እንዲያውም የቀረውን ጠበቅ አድርጌ እንድናገር አዘዘችኝ።

ልጄንማ ለምኜዋለሁ። “ይቅርብህ፣ ሌላ ሥራ አይጠፋም” ብለው፣ “ፈርቶ ሸሸ እንዲሉኝ ነው? ደግሞ እርስዎ ያስተማሩኝን ነው የምሠራው” አለኝ። ኩራቱን የወረሰው ከእኔ ነው። የዚያ ግቢ አፈር አሸዋ ነው፤ ይናዳል። ሲናድ ታች ያለው ሰው ገመዱን ይነቀንቃል፤ ከላይ ያለው ከተዘናጋ ሁለተኛ የሚነቀነቅ ነገር የለም።

ክቡር ሰብሳቢ፣ ጨለማ ውስጥ ስሠራ ኖሬ ፍርሃት አላውቅም ነበር። አሁን ፀሐይ እየሞቅሁ እንኳ የባልዲ ድምፅ ስሰማ ያልበኛል። እርስዎ ክፉ አስበዋል አልልም። ዘበኞችዎም ቀልደው ይሆናል፤ ቀልደውም ከሆነ ደስ ይለኛል። የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ ሰኞ ጠዋት ልጄ ከመውረዱ በፊት አማቹን ወደ ገመዱ ይመልሱልኝ። አቤሜሌክን እንዳሻዎ ያንጡት። በወተት ይጠቡት፣ ከፈለጉም የእርስዎን ፊት ይሣሉበት፤ ዳግመኛ በስብሰባ አልነሣም። ለእኔ ይህን ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቀኝ ሁሉ ይንገርዎ።

ለእርስዎ ካለኝ አክብሮት፣ ከዚያም በሚበልጥ ፍርሃት፣ አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ ያተምኩ፣

የቆፋሪው አባት

በድጋሚ፦ ሰኞ ማታ ልጄ በእግሩ ቤቱ ከገባ፣ እርስዎን የመሰለ ደግ ሰው ስም በከንቱ ያጠፋሁ የጃጀ ሽማግሌ ነኝ ማለት ነው። ማክሰኞ በማለዳ በገበያው መካከል፣ በሰው ሁሉ ፊት ተንበርክኬ ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ። ይቅርታ መጠየቅ በሕይወቴ አልወድም ነበር፤ እንደዚህኛው የጓጓሁለት ግን የለም። እባክዎ አያስቀሩብኝ።